የ70 ዶላር ካርቶን

«ዕቃው የታለ?»

የጠየቀችው እናቴ ናት። ባለፈው ክረምት እህቴ ከአሜሪካ በሰው እጅ የላከችውን ሰፊ ሳጥን አስኮ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ከፈትነው። ከላይ ካርቶን፣ ከሥሩ ካርቶን፣ ከዚያም ሥር ሌላ ካርቶን። እናቴ ዕቃው እንዳይሰበር የተደረገ መደገፊያ መስሏት አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ጎን ታስቀምጥ ጀመር። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ቀና ብላ አየችን። «ዕቃው የታለ? መንገድ ላይ አውጥተው ወስደውባችሁ ይሆን እንዴ?»

ዕቃው ራሱ ካርቶኑ መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ፈጀብን። ዋጋው 70 ዶላር መሆኑን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያ «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ለቁራሌው በነፃ ስሰጥ ኖሬአለሁ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በቀልዷ ስቀናል። ሰሞኑን ግን እህቴ ደውላ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ዓይነትም አለ፤ መሪና ፔዳል ያለው። ልላክለት?» ስትለኝ መሳቁ አላዋጣም። እህቴ የምትሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው። 70 ዶላር ለእሷ ስንት ሰዓት ቆሞ ማደር እንደሆነ አውቃለሁ። ለእኛ ደግሞ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ልመልሰው ፈለግኩ። ለልጅ ተብሎ በካርቶን የሚሸጥ የጌም መገጣጠሚያ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

መጀመሪያ ለማታውቁት ነገሩን ላስረዳ።

ኔንቲዶ የጃፓን የጌም ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ኪዮቶ ውስጥ ሲመሠረት ሥራው የመጫወቻ ካርታ መሥራት ነበር። ስለዚህ ወረቀት ለኩባንያው የመጀመሪያ ሙያው ነው ማለት ይቻላል። ይኸው ኩባንያ ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም «ላቦ» የሚባል ነገር ለገበያ አቀረበ። በሳጥኑ ውስጥ 28 ገጽ የተቆራረጠ ካርቶን፣ ክር፣ ላስቲክ፣ ብርሃን የሚመልሱ ትንንሽ ተለጣፊዎችና ጥፍር የምታህል የጌም ካርድ አለ። ልጁ ቁርጥራጮቹን ከገጹ እየፈለቀቀ፣ እያጠፈና እያሰካ ፒያኖ፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ የሞተር ብስክሌት እጀታ፣ ትንሽ ቤትና በንዝረት የሚሄዱ ተሽከርካሪዎች ይሠራል። ከዚያ «ስዊች» የተባለውን የኩባንያውን ማጫወቻና መቆጣጠሪያዎቹን ሲሰካበት ካርቶኑ ሕይወት ይዘራል።

ልብ በሉ፤ ያለ ማጫወቻው ካርቶኑ ካርቶን ነው። ማጫወቻው ሲወጣ ዋጋው 300 ዶላር ገደማ ነበር። እኛ ቤት ያለው እህቴ ከሥራ ባልደረባዋ ልጅ ተቀብላ የላከችው ያገለገለ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ላቦ በወጣበት በ2010 አንድ ዶላር በባንክ 27 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 70 ዶላር ወደ 1,900 ብር ይመጣል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ ያለውን ሁላችንም እየኖርነው ነው። ዶላሩን በ140 ብር እንኳ ብናሰላው ያው ካርቶን 9,800 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ዝቅተኛ ተከፋዩ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን አንድም ሳንቲም ሳይነካ ቢሰጥ ካርቶኑን አይገዛም ማለት ነው። ማጫወቻውንማ ተዉት፤ በዚሁ ስሌት 42,000 ብር ነው።

«እንግዲህ ምኑ ይከራከራል? ጽሑፉን እዚህ ላይ ጨርሰው» የሚል አይጠፋም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ግን ቆይ።

ሰው ሁሉ ቶሎ የሚደርስበት መከራከሪያ «ካርቶን ቆሻሻ ነው፣ ለቆሻሻ 70 ዶላር አይከፈልም» የሚለው ነው። ይህ የተሳሳተ መከራከሪያ ይመስለኛል። የአስኮ ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ስህተቱ ሊገባው ይገባል። ሰፈራችን ስሙ ከጫማ ጋር ተያይዞ የኖረ ሰፈር ነው። ጫማ ስትገዙ የምትከፍሉት ለቆዳው ብቻ ነው? ቆዳው በሬው ላይም ነበር። የምትከፍሉት ለቀደደው፣ ለሰፋው፣ ቅርጹን ለጨነቀው ሰው ነው። ካርቶኑም እንዲሁ ነው። ኩባንያው ራሱ የካርቶኖቹን ቅርጽ ማንም እንዲያትመውና እንዲቆርጠው ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦት ነበር። ካርቶኑን እየሸጠ ቢሆን ኖሮ ይህን ባላደረገ ነበር። ይሸጥ የነበረው ጥፍር በምታህለው ካርድ ላይ ያለውን ፕሮግራምና የአሠራሩን ብልሃት ነው።

ብልሃቱ ደግሞ ዝም ብሎ ብልሃት አይደለም። ፒያኖውን እንውሰድ። 13 ቁልፎች አሉት። በውስጡ አንድም ሽቦ፣ አንድም ባትሪ የለም። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ከበስተጀርባው ብርሃን የሚመልስ ተለጣፊ ብቅ ይላል። ከፒያኖው ኋላ የተሰካው መቆጣጠሪያ በዓይን የማይታይ ብርሃን የሚያነብ ካሜራ አለው። የትኛው ተለጣፊ እንደተነሳ ያይና ድምፁን ያወጣል። ሁለቱ ትንንሽ ተሽከርካሪዎችም ጎማ የላቸውም፤ መቆጣጠሪያዎቹ ሲንዘረዘሩ በካርቶን እግራቸው እየተንቀጠቀጡ ይሄዳሉ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ፒያኖውን ለመሥራት ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። መብራት አንዴ ሄዶ በመጠበቅ ያጠፋነውን ጊዜ ሳልቆጥር ነው። መመሪያው ወረቀት ሳይሆን ማጫወቻው ላይ በሥዕል የሚታይ ነው። ልጁ ያልገባውን ወደ ኋላ መልሶ፣ ምስሉን በጣቱ አዙሮ ከጎን ያየዋል። እንግሊዝኛው ባይገባውም እጁ ገብቶት ነበር። እኔ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያረመኝ እሱ ነው። ጨርሶ ድምፅ ሲሰማ ግን መጫወት አልጀመረም። ጎንበስ ብሎ በኋላው በኩል ወደ ውስጥ አየና «አባዬ፣ እንዴት ነው የሚያውቀው?» አለኝ።

ይህችን ጥያቄ በብር ተምኑልኝ ብባል አልችልም። ልጄ ስልክ ሲነካ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ስለ ስልኩ እንዲህ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ስልክ የተዘጋ ነገር ነዋ። ካርቶን ግን ይከፈታል፤ ውስጡ ይታያል፤ የሆነው ነገር እንዴት እንደሆነ በዓይን ይገኛል። ለዚህም ነው የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ወጪው ጠፍቷል ለማለት የማልደፍረው።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልናገር።

መሥራቱ ያስደስታል፤ ሠርቶ መጫወቱ ግን ቶሎ ያልቃል። ዓሣ ማጥመጃው እኛ ቤት የቆየው አሥር ቀን ያህል ነው። ሞተሩ ከዚያም ያነሰ። ይህ በልጄ አልፈርድበትም፤ የነገሩ ባሕርይ ነው። ደስታው መገጣጠሙ ላይ ነው፤ መገጣጠም ደግሞ አንድ ጊዜ ነው። 70 ዶላር ከፍላችሁ የምታገኙት ጥቂት ጥሩ ከሰዓቶችን ነው።

ቦታም አለ። አምስት ሰው በሁለት ክፍል በሚኖርበት ቤት የካርቶን ፒያኖ የት ይቀመጣል? ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። ቁም ሳጥኑ በላይ ደግሞ ጣሪያው ያፈሳል፤ ይህ የእኔ የጣሪያ ጉዳይ ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ጎኑ ረጥቦ እንደ ዳቦ ሟሸሸ። የካርቶን ቤቱ ላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ተቀመጠበት።

ሌላው ነገር ከማጫወቻው ጋር ያለው ጋብቻ ነው። ኩባንያው በ2017 ዓ.ም ማብቂያ አካባቢ አዲሱን ስዊች 2 አወጣ። የአዲሱ መቆጣጠሪያዎች መጠናቸው ሌላ ነው፤ ፒያኖው የሚያስፈልገው ያ ካሜራም የላቸውም። የድሮዎቹ መቆጣጠሪያዎች በተበላሹ ቀን ካርቶኑም አብሮ ያርፋል። እናቴ ያስቀመጠችው የጀበና ሳጥን ግን ለሁሉም ጊዜ ሳጥን ነው።

እንግዲህ ወደ ረጠበው ፒያኖ እንመለስ። ምክንያቱም ዋናው ነገር የሆነው እዚያ ጋ ነው።

ልጄ አለቀሰ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ምትክ ይገኝ እንደሆን ስፈልግ፣ የጎረቤታችን ልጅ ገባች። 11 ዓመቷ ነው። ፒያኖውን ገልብጣ አየችና «ይሄኮ ካርቶን ነው» አለች። ወጥታ የጫማ ካርቶን ይዛ መጣች። የረጠበውን ጎን ቀስ ብላ አውጥታ ካርቶኑ ላይ አስተኛችው፤ በእስክሪፕቶ ዙሪያውን አስመረች፤ በመቀስ ቆረጠችው። በስኮች አጠናከሩት። ፒያኖው እንደገና ጮኸ። አንድ ጎኑ አሁንም የጫማ ቁጥር ተጽፎበታል፤ 39።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ሳጥኑን እንደ ቅርስ ማየቱን ተወ። ሁለቱ የዓሣ ማጥመጃውን መዘውር ነቅለው ከእንጨትና ከቆርኪ ጋር አድርገው የካርቶን ጆተኒ ሠሩ። ከተበላሸ ቴፕ የወጣች ዲናሞ ከሁለት ባትሪ ድንጋይ ጋር አገናኝተው ማራገቢያ ሠሩ። ጆተኒው ከማጫወቻው ይልቅ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቧል፤ አራት ልጅ አንድ ላይ ያጫውታላ!

ልጅቷ ይህን ከየት ተማረችው? ማንም 70 ዶላር አውጥቶ አላስተማራትም። አባቷ ጫማ ይሠራል፤ ቅርጽ ሲያስመር እያየች ነው ያደገችው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ይኸው! እኛ የሽቦ መኪና፣ የካልሲ ኳስ ሠርተን አይደል ያደግነው? የምን ኔንቲዶ!» የምትሉ እንዳላችሁ ይሰማኛል። ከእናንተም ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

አዎ ሠርተናል። ግን እውነቱን እናውራ። እኛ የሽቦ መኪና ስንሠራ ሜዳ ነበር፤ ዛሬ ልጆቻችን የሚጫወቱት በግቢ ኮሪደር ወይም በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው። እኛ ጊዜ ነበረን፤ እነሱ ከትምህርት በኋላ ጥናት፣ ከጥናት በኋላ የቤት ሥራ አለባቸው። ደግሞስ የሠራነውን ማን አከበረልን? የእናታችንን መቀስ በመውሰዳችን ተገርፈናል። በአንድ ሳምንት የሠራናት መኪና ቤት ሲጠረግ አብራ ተጠርጋለች። ያደግነው በወላጅ ድጋፍ ሳይሆን ከወላጅ ተደብቀን ነው። ዛሬ ናፍቆቱን እያወራን የጎረቤታችን ልጅ የሠራችውን ማራገቢያ እናቷ «ይሄን ቆሻሻ አውጪልኝ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያው ማራገቢያ በሳጥን ታሽጎ ከውጭ ቢመጣ ኖሮ ሳሎን ላይ ይቀመጥ ነበር።

የ70 ዶላሩ ሳጥን አንድ የሠራው ነገር ይሄ ነው። ካርቶን የከበረ ነገር መሆኑን ያሳመነው ልጆቹን አይደለም፤ እኛን አዋቂዎቹን ነው። ሁለት ከሰዓት ልጄ አጠገብ ወለል ላይ የተቀመጥኩት ውድ ስለሆነ ነው። ነፃ ቢሆን ኖሮ «ሂድ ውጭ ተጫወት» እለው ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን እውነት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ በአባቱ ያገለገለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ከባዶ ካርቶን የጌም ቤት ሠርቶ ነበር። ደንበኛ አልነበረውም። አንድ የፊልም ባለሙያ ለመኪናው ዕቃ ሊገዛ ገብቶ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ፤ ከዚያም «ኬይንስ አርኬድ» የተባለ አጭር ፊልም ሠራበት። ፊልሙ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ፤ ብዙ አገር ያሉ ልጆች ካርቶን ይዘው ተነሡ። ያ ልጅ የጎደለው ካርቶን አልነበረም። የጎደለው ቁጭ ብሎ የሚጫወትለት አንድ አዋቂ ነበር።

አሁን ነገሩን ወደ ትምህርት ቤት ላምጣው። ምክንያቱም «ለካርቶን አንከፍልም» የምንለው ሰዎች ለካርቶን እየከፈልን ነው።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ እየተተገበረ ባለው ሥርዓተ ትምህርት የታችኞቹ ክፍሎች የዕይታ ጥበብ፣ 7ኛና 8ኛ ክፍሎች ደግሞ የሙያና ቴክኒክ ትምህርት አላቸው። ልጅ በእጁ ይሥራ ማለት ነው፤ ሐሳቡ ግሩም ነው። በተግባር ግን ምን ይሆናል? ልጁ «ነገ የልብ ሞዴል አምጡ ተብለናል» ብሎ ማታ ይመጣል። ወላጅ ይደነግጣል። ሞዴል ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ይፈለጋል፤ ይከፈላል። ልጁ ያልነካውን ሞዴል ተሸክሞ ይሄዳል። በራሱ እጅ አጣሞ የሠራው ልጅ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኛል፤ የተገዛው ከፍ ያለ። የእኔም ልጅ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖበታል። ያን ቀን ምን ተማረ? ካርቶን የሚሠራው ሌላ ሰው እንደሆነ ተማረ።

በዓመት ለእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል የምናወጣው ተደምሮ ቢታይ የላቦው ዋጋ ብቻውን ዘላለም የሚያስገርም አይመስለኝም። ልዩነቱ ላቦው ቢያንስ ልጁ ራሱ እንዲሠራ ማድረጉ ነው።

መንግሥት በበኩሉ በሐምሌ 2016 የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ጀምሯል። ጥሩ ነው፤ ይበርታ። ነገር ግን ፕሮግራም መጻፍ መሠረቱ «ይህ ከሆነ፣ ያ ይሁን» ማለት ነው። በላቦ ካርድ ላይም ልጆች «ይህን ስነካ ያ ይንዘር» እያሉ የራሳቸውን መጫወቻ የሚፈጥሩበት ክፍል አለ። ይህን አስተሳሰብ ልጅ ስክሪን ላይ ከማየቱ በፊት በእጁ ቢያውቀው ይሻላል። ቁልፉን ስጫን ተለጣፊው ይነሳል፤ ተለጣፊው ሲነሳ ድምፁ ይወጣል። ዲናሞውን ሳገናኝ ይዞራል፤ ገመዱን ስገለብጥ ወደ ኋላ ይዞራል። ሁለተኛውን ያስተማረችው የቴፕ ዲናሞ ናት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ።

ማጫወቻው ቤት ካለ፣ ሳጥኑ ስጦታ ከሆነ፣ ከልጁ ጋር ወለል ላይ የሚቀመጥ አዋቂ ካለ፣ የመጀመሪያው ሳጥን ዋጋውን ያወጣል እላለሁ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አያወጣም። በተለይ ሦስተኛው ከጎደለ 70 ዶላሩ እናቴ እንዳለችው ለቁራሌው ነው። ከአስኮ ደመወዝ 9,800 ብር ቆርጦ መግዛት ግን በምንም መልኩ አልመክርም። ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያና ለቤቱ ጤፍ የሚውል ብር ነው።

ሁለተኛው ሳጥንስ? አያስፈልግም። ሁለተኛው ሳጥን የሚያስተምረውን የመጀመሪያው አስተምሯል። ካርቶን እንደሚከፈት፣ እንደሚቆረጥ፣ ሲበላሽ በጫማ ካርቶን እንደሚጠገን ልጁ አውቋል።

ለእህቴ እንዲህ ብዬ መለስኩላት። «አትላኪ። ግድ ከሆነብሽ አንድ ጥሩ የልጆች መቀስና ትንሽ መሣሪያ ላኪ። ከሁሉ ይልቅ ግን እሁድ ማታ ደውለሽ የሠራውን አሳየኝ በዪው።» ትንሽ ዝም አለችና «እሱማ ነፃ ነው» አለች። ነፃ ነው፤ ግን ከሌሊት ፈረቃ በኋላ የሚሰጥ ሰዓት ርካሽ እንዳልሆነ እሷም እኔም እናውቃለን።

ለእናንተም የምለው አጭር ነው። ወላጆች፣ ቤት ውስጥ አንድ የካርቶን ማስቀመጫ ቦታ ስጡ፤ አልጋ ሥርም ይሁን። ሠርተው ያመጡትን ቢያንስ አንድ ሳምንት አትጣሉ። ማስቲሹን ግን ከልጆች አርቁ፤ ስኮችና ኮላ ይበቃል። መምህራን፣ ሞዴሉን ክፍል ውስጥ አሠሩ፤ የተጣመመው ይምጣ፤ ውጤት የምትሰጡት «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሁን። የገዛው ልጅ እዚያ ላይ ይታወቃል።

እናቴ አሁን ካርቶን ለቁራሌው ከመስጠቷ በፊት «አንተ ልጅ፣ ይሄን ትፈልገዋለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ብዙ ጊዜ ይፈልገዋል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ከውጭ የምትልኩ ወገኖች ሐሳባችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል። ለልጆቻችን ከላካችሁት ሁሉ የትኛው ሰነበተ?